የስፖርት መኪና የኋላ ክንፍ አገጣጠም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ

በየጋራዡ ሁሉም በአንድ ስም «ስፖይለር» ይባል እንጂ፣ በመኪና ጀርባ ላይ የሚገጠመው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከኋላ ኮፈኑ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥና ከጣሪያው ወርዶ የሚመጣውን አየር የሚሰብር ዝቅተኛ ከንፈር ነው። ሁለተኛው በሁለት እግሮች ላይ የቆመ፣ አየር ከላይም ከታችም የሚያልፍበት፣ ቅርጹም የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ የሆነ ሲሆን፣ የአውሮፕላኑ ክንፍ ወደ ላይ እንደሚያነሣ ሁሉ ይህኛው መኪናውን ወደ መሬት ይጫናል። ከንፈሩ በጥሩ ማጣበቂያ ተይዞ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ላሜራ መብሳትን፣ ልክ መጠበቅንና ቡሎን መምረጥን የሚጠይቀው ሁለተኛው፣ ማለትም ክንፉ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጁ እንደ ሴሊካ ወይም ቶዮታ 86 ያለ የስፖርት መኪና ያለው ሰው መኪናውን ሸጦ ሌላ ከመፈለግ ይልቅ ያለውን ጠብቆ ማሳመርን መርጧል። ፍላጎቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ ክንፍ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የመጣው የእሽቅድምድም ሜዳ ካላቸው አገሮች ነው። እዚያ አስፋልቱ የለሰለሰ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚደርስ በመሆኑ፣ ጭንቀታቸው ሁሉ ከነፋሱ ምን ያህል ጫና ይገኛል የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው ክንፉ በተገጠመበት ቦታ ጸንቶ ይቆያል ወይ የሚል ሊሆን ይገባል። ምክንያቱን በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

ከነፋስ የሚገኘው ጫና የሚወሰነው በክንፉ ስፋትና ቅርጽ፣ በመኪናው ፍጥነትና በአየሩ ጥግግት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ 1850 ሜትር አካባቢ በምትገኘው ኮምቦልቻም አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ 1.4 ሜትር ርዝመትና 25 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ መጠነኛ ማዕዘን የተሰጠው ክንፍ፣ በባሕር ጠረፍ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 17 ኪሎ ግራም ያህል የሚጫን ከሆነ፣ ያው ክንፍ በደሴ ከፍታ የሚሰጠው 13 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት፣ በአብዛኛዎቹ ኩርባዎች ላይ ከዚህም በታች ስለሚነዳ፣ ክንፍ ገጥሞ ኩርባውን በድፍረት እይዛለሁ ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። እዚያ መኪናውን የሚይዙት ጎማውና ፍሬኑ ናቸው፤ የሁለቱም ዕድሜ ያለቀ ከሆነ ለክንፍ የተመደበው ገንዘብ በቅድሚያ ወደ እነርሱ መሄድ አለበት።

አሁን ደግሞ መንገዱን እንመልከት። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ክንፍ በኮብልስቶን ላይ ወይም በተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ ሲያልፍ፣ የመሬት ስበትን ሦስት እጥፍ የሚያህል ንዝረት ቢያጋጥመው፣ በእግሮቹ ላይ የ15 ኪሎ ግራም ምት ያርፋል። ይህ ምት ነፋሱ በ100 ኪሎ ሜትር ከሚሰጠው ጫና ይበልጣል። ነፋሱ የሚጫነው አልፎ አልፎ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆን፣ የመንገዱ ምት ግን ወደ ላይም ወደ ታችም፣ በየዕለቱ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ብረት የሚሰነጠቀውም በአንድ ትልቅ ኃይል ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ ተደጋጋሚ መታጠፍ ነው።

ትልልቆቹ የእሽቅድምድም ቡድኖችም ይህን የተማሩት በጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በባርሴሎና ሞንጁይክ በተካሄደው የስፔን ግራንድ ፕሪ፣ ግራሃም ሂልና ዮኸን ሪንት የነዷቸው ሁለት ሎተስ መኪኖች መንገዱ ጉብ ብሎ በሚወርድበት በዚያው አንድ ቦታ ላይ ረጃጅም ክንፎቻቸው ተሰብረው ተጋጭተዋል። በሚቀጥለው ውድድር በሞናኮ ከፍ ብለው የሚቆሙ ክንፎች ታገዱ። ከደሴ ጎዳናዎች ላይ ጉብታ ማጣት ስለማይቻል፣ ታሪኩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ክንፉንና እግሮቹን መምረጥ

በገበያ ላይ ያሉት ክንፎች ከካርቦን ፋይበር፣ ከፋይበር ግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። ካርቦኑ ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም ውድ ነው፤ ከዚህም በላይ ካርቦን ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ክንፍ በፋይበር ግላስ ላይ የካርቦን ምስል ያለው ስቲከር የተለጠፈበት ነው። ለመለየት የቡሎን ቀዳዳውን ውስጠኛ ግድግዳ በባትሪ ማየት ይበቃል፤ ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ የሚመስል ከሆነ ፋይበር ግላስ ነው። ፋይበር ግላስ መሆኑ ነውር የለበትም። ነውሩ እግሩ በሚታሰርበት ቦታ ውስጡ የተቀበረ ብረት ከሌለው ነው፤ እንዲህ ያለው ክንፍ ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ይደቅቃልና። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳንቲም እያንኳኩ ድምፁን ያድምጡ። ድምፁ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ከደነዘዘ ንብርብሩ እዚያ ላይ ተላቋል ማለት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በጭነት የሚመጣ ከሆነ፣ ካርቶኑ ተከፍቶ ይህ ሳይፈተሽ ርክክብ አይፈረም።

ከክንፉ ይልቅ ብዙ ሐሳብ ሊሰጣቸው የሚገባው እግሮቹ ናቸው። ከክንፉ ጋር የሚመጡት እግሮች ለየትኛውም መኪና እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ በመሆናቸው፣ የግርጌ ሳህናቸው ከሁለት ጣት የማይሰፋና ጠፍጣፋ ነው፤ የኋላ ኮፈን ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ሳህኑ በጎበጠ ላሜራ ላይ ሲጠብቅ መሐሉ ወይም ጠርዙ ብቻ ይነካል፤ ጫናው ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማችና ላሜራው ይሰረጉዳል። ስለዚህ እግሮቹን ማሠራት የተሻለ ነው። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ በብረት ሥራ የተካነ ባለሙያ አይታጣም። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ለእግሩ ይበቃል፤ የግርጌው ሳህን ቢያንስ የአንድ መዳፍ ርዝመት ኖሮት የኮፈኑን ጉብታ ተከትሎ መታጠፍ አለበት። ሳህኑና እግሩ የሚገናኙት በብየዳ ከሆነ በአርጎን መበየድ ይኖርበታል። አርጎን ከሌለ ሁለቱን በቡሎን ማያያዝ ይሻላል፤ መጥፎ የአሉሚኒየም ብየዳ ከውጭ ሲያዩት የሚያምር፣ ውስጡ ግን ያልተያያዘ ሊሆን ይችላልና።

እግሮቹ ክንፉን ከሥር የሚይዙ ወይም ከላይ ተቆልምመው የሚያንጠለጥሉ ሊሆኑ ይችላሉ። የክንፉ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በሆዱ በኩል በሚፈጥነው አየር በመሆኑ፣ ከላይ የሚይዘው ቅርጽ ሆዱን ነጻ ስለሚያደርግለት በውድድር መኪኖች ዘንድ የተወደደ ነው። ለእኛ ፍጥነት ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ከሥር የሚይዘው ለመሥራትም ለማጥበቅም ይቀላል፤ እርሱን ይምረጡ።

የክንፉ ርዝመት ከመኪናው አካል ወርድ ማለፍ የለበትም። ባጃጅ በክንድ ርቀት በሚተላለፍበት የፒያሳ ጎዳና ላይ፣ ከጎን የወጣ ስለታም ጠርዝ የእግረኛን ፊት ወይም የሕፃን ጭንቅላት የሚያገኝበት ከፍታ ላይ ነው። በክንፉ ሁለት ጫፎች ላይ የሚቆሙት የጎን ክዳኖች ማዕዘኖች በሞረድ ተሞርደው መዶልዶም፣ ጠርዛቸውም ቢቻል በጎማ መለበጥ አለበት።

ከመብሳት በፊት

የመኪና አካል ላይ ለውጥ ማድረግ የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚበቃው ጉዳይ አይደለም። መኪናው በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ የሚያገኝ በመሆኑ፣ የሚሠራው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የታሰበውን ክንፍ ፎቶና ልክ ይዞ ወደ ከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መሄድና ምላሹን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የመድን ድርጅቱም እንዲሁ እንዲያውቀው ቢደረግ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። በማናቸውም ሁኔታ ክንፉ የኋላ ሰሌዳውን፣ የፍሬን መብራቶቹን (በመስታወቱ ሥር ያለውን ሦስተኛውን ጨምሮ) እና ሾፌሩ በመስታወት የሚያየውን የኋላ እይታ መሸፈን የለበትም። በክረምት ጉም ደሴን ሲሸፍናት ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ከሩቅ የሚታየው ያ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የፍሬን መብራት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኮፈኑን ማወቅ ነው። ማግኔት ካልያዘው አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ነው፤ ከያዘው ብረት ነው፤ አያያዙ ደካማ በሆነበት ቦታ ደግሞ ከቀለሙ ሥር የተደበቀ ስቱኮ (የተሰረጎደ ላሜራ የሚሞላበት ልስን) ሊኖር ይችላል። ስቱኮ ባለበት ቦታ ላይ የግርጌ ሳህን ማሰር ፈጽሞ አይገባም። የውስጥ ልባሱን ሲያነሡ ኮፈኑ ሁለት ላሜራዎች የተጋጠሙበት መሆኑ ይታያል፦ ከውጭ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ ቆዳ፣ ከውስጥ ደግሞ እንደ አጥንት የሚደግፈው የታጠፈ መዋቅር። እግሮቹ መቆም ያለባቸው ከሥራቸው ይህ አጥንት በሚያልፍበት ቦታ ነው። አጥንቱ ከታሰበው ቦታ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢሆን የሚለወጠው የእግሮቹ ቦታ መሆን አለበት፤ ለውበት ሲባል በባዶ ቆዳ ላይ የቆመ ክንፍ ከሁለትና ሦስት ወር በላይ ጤና አያገኝም።

ኮፈኑን ከፍቶ የሚይዘው የጋዝ ሾክ ወይም ጠምዛዛ ሽቦ የተለካው ለኮፈኑ ክብደት ብቻ ነው። ክንፍ ሲጨመርበት ኮፈኑ በራሱ ወርዶ ዕቃ በሚያወጣው ሰው እጅ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ሾኩ አርጅቶ ከሆነ በአዲስ ይተካ። በተጨማሪም ኮፈኑ ሲከፈት ክንፉ ወደ ፊት እንደሚዞር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የኋላውን መስታወት ከሰነጠቀ በኋላ ነው። የክንፉን የጎን ቅርጽ በካርቶን ቆርጦ፣ በፕላስተር አቁሞ፣ ኮፈኑን በዝግታ እየከፈቱ በካርቶኑና በመስታወቱ መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት መቅረቱን ማረጋገጥ ይበቃል።

ልክ አወሳሰድ

በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለችው ደሴ ሜዳ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የብዙ ጋራዥ ወለልም ቢሆን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ውሃ ልክ ክንፉ ላይ አስቀምጦ መሐሉን መፈለግ ትርጉም የለውም። መነሻው መሬቱ ሳይሆን መኪናው ራሱ መሆን አለበት። በስልክ ላይ ያለውን የማዕዘን መለኪያ በበሩ ሥር ባለው የመርገጫ ጠርዝ ላይ አስተኝቶ ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ በክንፉ ላይ የሚነበበውን ከዚያ ዜሮ አንጻር መውሰድ ነው። ለግራና ቀኝ ሚዛንም እንዲሁ፣ ከጣሪያው ሁለት ጎኖች ተመሳሳይ ነጥቦች ተነሥቶ በሰያፍ መለካት ይሻላል፦ ከግራው የጣሪያ ማዕዘን እስከ ቀኙ የክንፍ ጫፍ ያለው ርቀት፣ ከቀኙ የጣሪያ ማዕዘን እስከ ግራው የክንፍ ጫፍ ካለው ጋር እኩል ሲሆን ክንፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኋላ መብራቶችን እንደ መነሻ መውሰድ አይመከርም፤ ቀድሞ ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና ከሆነ መብራቶቹ ራሳቸው እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

የክንፉን ቦታ በተመለከተ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ንጹሕ አየር ያገኛል፤ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ደግሞ ኃይሉ ይበዛል። የሁለተኛው ጥቅም ግን ዋጋ አለው። የኋላ ጎማዎቹን እንደ መደገፊያ አድርጎ ከእነርሱ በስተኋላ የሚጫን ኃይል የመኪናውን ፊት ያነሣል። ለምሳሌ በቶዮታ 86 በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.57 ሜትር ነው። ክንፉ ከኋላ ጎማው መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቆሞ 13 ኪሎ ግራም ቢጫን፣ ኋላው ላይ የሚያርፈው 17 ኪሎ ግራም ተኩል ሲሆን ከፊቱ ላይ ደግሞ 4 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ይነሣል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ብዙም አይሰማ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን መሪው እየቀለለ፣ መኪናው ኩርባ ላይ አልታጠፍ እያለ ይሄዳል። ለመንገድ መኪና ክንፉ ከኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ባያልፍ፣ ከፍታውም ከጣሪያው ባይበልጥ በቂ ነው።

መብሳትና ማሰር

በመጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ከኮፈኑ ውስጥ ለሰሌዳ መብራትና ለፍሬን መብራት የሚሄዱት ሽቦዎች ከቦታቸው ተላቀው ወደ ጎን ይታሰራሉ። የሚበሳው ቦታ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈንና ነጥቦቹ በእርሱ ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ፕላስተሩ መሰርሰሪያው እንዳይንሸራተትም፣ ቀለሙ እንዳይላጥም ያደርጋል። ነጥቡ በሹል ብረት ከተወጋ በኋላ መጀመሪያ በ3፣ ቀጥሎ በ5፣ በመጨረሻም በ6.5 ሚሊ ሜትር ይበሳል፤ ይህ የሆነው ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ነው። በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይገባ የሚያስቆም ፕላስተር መጠቅለል ከውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ያድናል። አንዱ እግር በሁለት ቡሎን ከተያዘ በኋላ ክንፉ ተገጥሞ ልኩ እንደገና ታይቶ ነው ወደ ሁለተኛው እግር የሚታለፈው። አራቱንም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ በስቶ በኋላ ማገጣጠም ቀዳዳዎቹን በሞረድ ማስፋትን ያስከትላል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ቡሎን ነው።

ከመበሳት በኋላ ያለው ሥራ ከመበሳቱ ይበልጣል። የቀዳዳው ጠርዝ በሞረድ ይለሰልሳል፤ በኮፈኑ ሁለት ላሜራዎች መካከል የወደቀው የብረት ፍቅፋቂ በማግኔትና በአየር ተጠራርጎ ይወጣል፤ ያ ፍቅፋቂ እዚያ ቀርቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዝግ ኮፈን ይተርፋልና። የተላጠው ብረት አንቲረስት፣ ከዚያም ቀለም ይቀባና በደንብ ሲደርቅ ይጠበቃል። እዚህ ላይ መቸኮል የለመደ ባለሙያ ብዙ ነው፤ «አብሽር፣ ሲሊኮኑ ይሸፍነዋል» ማለቱ አይቀርም። ሲሊኮን ውሃን እንጂ ዝገትን አይከላከልም። እንዲያውም ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ስለሚለቅ ባዶ ብረትን ራሱ ያዝጋል። የማይሸተውን ዓይነት ወይም የመኪና መስታወት የሚጣበቅበትን ማስቲሽ መጠቀም ነው።

በግርጌ ሳህኑና በኮፈኑ መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጎማ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ ንጣፍ) ይገባል። ከውስጥ በኩል በተራ ሮንዴላ ብቻ ማሰር የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው። ከውጭ ካለው ሳህን የሚሰፋ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደጋፊ ላሜራ ተቆርጦ፣ ማዕዘኖቹ ዶልዱመው፣ ከአጥንቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ሁሉም ቡሎኖች በእርሱ ውስጥ ያልፋሉ። ቡሎኑ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ የሚያልፍ ከሆነ፣ የክፍተቱን ልክ የያዘ ትንሽ ቱቦ በዙሪያው መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ሁለቱ ላሜራዎች ወደ መሐል ይጨመታተራሉ።

ቡሎኖቹ በራሳቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ያላቸው ወይም የማይዝጉ ይሁኑ። ዳዶዎቹ ውስጣቸው የፕላስቲክ ቀለበት ያላቸው ሲሆኑ ንዝረት አይፈታቸውም፤ አንድ ጊዜ ከተፈቱ ግን በአዲስ ይተኩ። ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ጥብቀት ይበቃል። የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ የቶርክ ቁልፍ በሌለበት የ10 ቁልፍን በአጭሩ ይዞ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ማጥበቅ ይሻላል፤ ረጅም ክንድ ያለው ቁልፍ ቡሎኑን ይበጥሰዋል ወይም ላሜራውን ያጎደጉደዋል። ከዚያ በኋላ ከዳዶው ተነሥቶ ወደ ላሜራው የሚወርድ አንድ ቀጭን መስመር በቀለም ይሰመራል፤ ዳዶው ቢላላ መስመሩ ስለሚሰበር በዓይን ብቻ ይታወቃል። ካርቦን ክንፍ ከአሉሚኒየም እግር ጋር በቀጥታ ሲነካካና እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ ወይም ቀለም መኖር አለበት።

ማዕዘንና ፍተሻ

ክንፉ ሲታሰር ጉብ ያለው ሆዱ ወደ ታች፣ የፊት ጠርዙ ዝቅ፣ የኋላ ጠርዙ ከፍ ማለቱ ይረጋገጥ። ገልብጦ መግጠም የሚያስቅ ቢመስልም ይደረጋል፤ እንዲያ የተገጠመ ክንፍ መኪናውን ያነሣል። ማዕዘኑ ከዜሮ እስከ 5 ዲግሪ ተጀምሮ በፈተና ቢጨመር ይሻላል። ከጣሪያው ላይ የሚመጣው አየር ወደ ታች እያዘነበለ ስለሆነ የክንፉ መካከል የሚያገኘው ማዕዘን ስልኩ ከሚያሳየው የበለጠ ነው። ማዕዘኑ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አየሩ ከሆዱ መላቀቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ነዳጅ የሚበላ መጎተት ብቻ ነው።

መኪናው ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ቆሞ ይፈተናል። በክንፉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን የዱቄት ከረጢት በርዝመቱ ማስተኛት፣ በደሴ በ100 ኪሎ ሜትር ከሚገኘው ጫና እጥፍ የሚጠጋ ነው። ከረጢቱ ባለበት የግርጌ ሳህኑን ዙሪያ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ላሜራው ሲሰረጉድ ወይም የቀለሙ ነጸብራቅ ሲጣመም ከታየ ደጋፊው ላሜራ ጠብቧል። ከረጢቱ ከተነሣ በኋላ የክንፉን ጫፍ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ ነው። መኪናው በሾኩ ላይ ከክንፉ ጋር አብሮ ከተወዛወዘ ሥራው ጥሩ ነው፤ ክንፉ ብቻውን ከተወዛወዘ ይፈታና እንደገና ይታያል።

ለውሃ ፍተሻ በየዳዶው ሥር ከውስጥ በኩል ሶፍት በፕላስተር ይለጠፍና በቱቦ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል በግርጌው ላይ ይለቀቃል። ሶፍቱ ነጠብጣብ ካሳየ የትኛው ቡሎን እንደሚያስገባ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ከሰኔ በፊት ማድረግ ይመረጣል።

የአየሩን ሁኔታ ለማየት የሚያስፈልገው ከገበያ የሚገኝ የጥጥ ፈትል ብቻ ነው። አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ያላቸው ክሮች በኋላ መስታወቱ ላይና በክንፉ ሆድ ሥር በረድፍ ይለጠፋሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ከሚሴ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ስለሚበዛው፣ ገና ትራፊክ ሳይበዛ በማለዳ፣ በተፈቀደው ፍጥነት እየተነዳ፣ በሌላ መኪና የሚከተል ሰው በስልክ ይቀርጻል፤ ቀራጩ ሾፌሩ ራሱ እንዳይሆን። ክሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ከተኙ አየሩ ክንፉን ተከትሎ እየፈሰሰ ነው። በሆዱ ሥር ያሉት የሚዘሉና ወደ ፊት የሚመለሱ ከሆነ ማዕዘኑ በዝቷል፤ ሁለት ዲግሪ እየተቀነሰ እንደገና ይታያል። በኋላ መስታወቱ ላይ ያሉት ሁሉ የሚዘሉ ከሆነ ግን ችግሩ የክንፉ ማዕዘን አይደለም፤ ክንፉ የቆመው ጣሪያው በበጠበጠው አየር ውስጥ ስለሆነ ከፍታው መጨመር አለበት።

ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም ዘይት በተቀየረ ቁጥር የቀለም መስመሮቹ ይታያሉ። የከፍታ ቦታ ፀሐይ የፋይበር ግላሱንም የካርቦኑንም ቃጫ የሚያያይዘውን ሙጫ (ሬዚን) ስለሚያደርቅ፣ ክንፉ መንጣትና መሻከር ሲጀምር ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ እንደገና ይቀባል። መኪና አጣቢዎች ክንፉን ተደግፈው ጣሪያ እንዳያጥቡ መንገር የባለቤቱ ፈንታ ነው።

በግርጌ ሳህኑ ማዕዘን ላይ ፀጉር የምታህል የቀለም ስንጥቅ ከታየች መጀመሪያ በጥፍር መጫር ነው። ቀለም ብቻ ከሆነች ትላጣለች፤ ጥፍር የሚይዝና ቡናማ መስመር የሚከተላት ከሆነች ግን ላሜራው ተሰንጥቋል። ክንፉ ይፈታል፣ የስንጥቁ ጫፍ እንዳይሄድ በ3 ሚሊ ሜትር ይበሳል፣ ከሥሩ የሰፋ ደጋፊ ይጨመራል። ስንጥቁ በአሉሚኒየም እግሩ ብየዳ ላይ ከሆነ ግን በላዩ ደግሞ መበየድ አይጠቅምም፤ ያ እግር ተጥሎ ሌላ እስኪሠራ ድረስ ቀዳዳዎቹ በጎማ ውታፍ ተደፍነው መኪናው ያለ ክንፍ ይነዳል።